ዓሣ ማጉረስ ክልክል ነው

ዓሣ የሚሞተው ከውሃ ሲወጣ ብቻ ይመስላችኋል። እኔም ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ዲግሪዬን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩ በኋላ እንኳ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዓሣ ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ ያውም ጠግቦ፣ ያውም በሚወዱት ሰዎች እንደተከበበ ሊሞት እንደሚችል ያየሁት በደርግ ዘመን፣ ፒያሳ ላይ፣ በአንድ እንቁጣጣሽ ቀን ነው። ያን ቀን ከዓሦቹ ጋር እኔም ልሄድ ነበር። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም።

ያኔ ሃያዎቹን ያጋመስኩ ልጅ ነኝ። ያደግኩት አፍንጮ በር ነው። እናቴ ያረፈችው ትንሽ ሳለሁ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፣ ጴንጤም ነበር፤ በመጀመሪያው ደመወዝ ይከፈለው ነበር፣ በሁለተኛው ታሰረ። ቤታችን ውስጥ ሰው ሰብስበህ ጸልየሃል ተብሎ ከተወሰደ ዓመት ሊሞላው ነው። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ስንቅ የምወስድለት እኔ ብቻ ነኝ። ጨጓራው በሽተኛ ስለሆነ እዚያ የሚሰጡትን መብላት አይችልም። ስለዚህ በጸሎቴ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔ እንዳልታሰር። ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ዘንቢሉን የሚሸከም እንዳይጠፋ ነው።

የምሠራው መንግሥት ከአንድ ጣሊያን ነጋዴ በወረሰው የሳሙና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዬ የሳሙና ጥራት መፈተሽ ነበር። ሳሙናው ራሱ ከገበያ ከጠፋ ስለቆየ ሥራዬ ብዙም አያደክምም። የስንቅ ቀን ሲሆን ዘንቢሌን መግቢያው ላይ ካለው መስቀያ እሰቅለዋለሁ። ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል፤ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። በዚያ መስቀያ ፊት ሲያልፉ ሁሉም ጣራው ላይ የሚያዩት ነገር ያገኙ ነበር።

ኃላፊያችን ጓድ ታደለ ይባላል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ አሁን ጡረታ ስለወጣሁ «እሱ» ብዬ ብጠራው አትቀየሙኝም። ለሥልጠና ምሥራቅ አውሮፓ ሄዶ ተመለሰ። ሌላው ሰው ከዚያ ካፖርት ይዞ ይመጣል፤ እሱ ሐሳብ ይዞ መጣ። በሄደበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ የመስታወት ባሕር አይቷል፣ ባለቀለም ዓሣ ይዋኝበታል። እና ለአብዮት በዓል የእኛም መስኮት የቀይ ባሕርን ሀብት ለሰፊው ሕዝብ እንዲያሳይ ወሰነ። መስኮቱ ድሮ ሳሙና ይደረደርበት ነበር፤ እንግዲህ ባዶ ነው።

«ምሕረት፣ ኬሚስት አይደለሽም?» አለኝ።

«የሳሙና ነኝ፣ ጓድ።»

«ሳሙናም ያለ ውሃ አይሆንም፣ ዓሣም ያለ ውሃ አይሆንም።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም። ለምን እንደመረጠኝ የነገረችኝ ታይፒስታችን እትዬ አስካለ ናት። «ከተሳካ የድርጅቱ ነው፤ ካልተሳካ የጴንጤዋ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጽሕፈት መኪናዋ ሳታነሳ።

ገንዳው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ ብረት ሠሪ ዘንድ በወፍራም መስታወት ተሠርቶ መጣ። ውሃው፣ አሸዋውና ድንጋዩ ከምጽዋ በበርሜል ተጭነው በአውሮፕላን መጡ። ዜጋው በአውቶቡስ ወረፋ ቀኑን ይጨርሳል፣ ባሕሩ በአየር ይጓዛል። አንዱን በርሜል ለክፉ ቀን ብዬ ጓሮ አስቀመጥኩት፤ ለዚያም ማመልከቻ ጽፌያለሁ።

ጓድ ታደለ ገንዳው በሞላ ቀን ዓሦቹ ይምጡ አለ። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኩ።

«ጓድ፣ ዓሣ በልቶ ያስወጣል። ያ ቆሻሻና የተረፈው ምግብ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣውን ይገድለዋል። አሸዋው ውስጥ ይህን አሞኒያ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ እስኪባዙ መታገሥ አለብን።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ወር ገደማ። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

«አብዮቱ ለባክቴሪያ ወር አይሰጥም።»

«እነሱ እኮ፣ ጓድ» አልኩ ሲጨንቀኝ፣ «ማንም አያያቸውም፣ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፣ የሌላውን ቆሻሻ ያነሳሉ።»

ፊቱ በራ። «ሰፊው ሕዝብ ናቸው በይኛ።»

«አዎ፣ ጓድ።»

በዚህ ምክንያት ከልመና ጋር ጥቂት ሳምንት ተፈቀደልኝ። ባዶ ውሃ ስጠብቅ ያየኝ ዘበኛችን ጋሽ ወርቁ ግን አልተዋጠለትም። «ልጄ፣ ምን ቀረው?» ይለኛል በየጠዋቱ። እኔም «ጥንስስ ነው ጋሽ ወርቁ፣ ገና አልፈላም» እለዋለሁ። ይህን ሲሰማ ወዲያው ገባው። ጠላ ሳይደርስ እንደማይቀዳ ለማወቅ ማንም ምሥራቅ አውሮፓ አልሄደም።

የእኔ ቀን በሦስት ነገር ያልፍ ጀመር። የጨውን መጠን በምንለካባት የመስታወት መለኪያ ባሕሬን እለካለሁ። ከሰዓት ፀሐይ መስታወቱን ሲመታው ውሃው ይተናል፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨው አይተንም፣ ስለዚህ ባሕሩ እያደር ይከብዳል። በጎደለው ልክ የቧንቧ ውሃ እጨምራለሁ፤ ያም ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ከዋለ ካደረ በኋላ ነው። ጓድ ታደለ በበኩሉ ባሕሩ ጎደለ ብሎ አንድ ኩንታል ጨው አስጭኖ ላከልኝ። በአመስጋኝነት ተቀብዬ ለማጠቢያ ቤቱ ሰጠሁ። ሦስተኛው የአሞኒያ ፍተሻ ነው፤ ከድሮ መምህሬ የለመንኩትን ጠብታ በትንሽ ብርጭቆ ባለ ውሃ ላይ አንጠባጥባለሁ፣ መልኩ በጠቆረ ቁጥር አሞኒያው በዝቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ዓሦቹ መጡ። የፒያሳ ሰው መስኮታችን ላይ ተለጠፈ። አንዷ ብጫ ናት፤ እትዬ አስካለ «አደይ» አለቻት። ሌሎቹም ስም ወጣላቸው። ለትልቁ ብቻ ስም የሚያወጣ ጠፋ። «እሱን ተዉት» አለ ጋሽ ወርቁ፣ «ቢሞት ስሙን ምን እናደርገዋለን?»

ሠራተኛውን ሰብስቤ አስጠነቀቅኩ። «ውሃው ገና አዲስ ነው፣ ብዙ ምግብ አይችልም። ጠዋት ጠዋት እኔ የምቆነጥርላቸው ይበቃቸዋል። ሌላ ሰው ምንም እንዳይሰጣቸው።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እዚህ አገር ራስ መነቅነቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። በማግስቱ የአብዮት በዓል ነው፤ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ወደ ሰልፉ ሲያልፉ መስኮታችን ዘንድ ቆመው ያያሉ ተብሏል። ስለዚህ ጓድ ታደለ ሠራተኛው ሁሉ በዐውደ ዓመቱ ገብቶ መፈክር እንዲሰቅል አዘዘ። ከቤቱ የተነጠቀ ሰው በዓሉን በምሳ ዕቃ ይዞ መጣ። እኔ መጀመሪያ ስንቅ ላደርስ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ጠባቂው ዳቦዬን በዘንግ ወጋግቶ፣ ውስጡ ከዳቦ በቀር ምንም ባለመኖሩ ቅር ብሎት አስገባልኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ በእግሬ ወጥቼ መሥሪያ ቤት ስደርስ እኩለ ቀን ሆኗል።

ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ በደስታ ተቀበለኝ። «ነይ እዪልኝ ምሕረት፣ በዓል መሆኑን አውቀዋል። ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱልናል።»

ዓሣ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው አየር ሲያጥረው ነው። ሮጬ ገባሁ። ውሃው አጓት መስሏል። አደይ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ትተነፍሳለች። አንዱ ከድንጋዩ ሥር ተኝቷል፣ አይነሳም። ውሃ ቀድቼ ጠብታዬን አንጠባጠብኩ፤ ጠዋት ጠዋት ገርጣ ያለ ብጫ የማየው ውሃ የሻይ መልክ ያዘ።

ጓድ ታደለ ከኋላዬ ቆሟል። «ምንድን ነው?»

«አሞኒያ ነው፣ ጓድ። በጣም በዝቷል።»

«ከየት መጣ? ማን አስገባው?»

«አላውቅም።»

«የውሃው ኃላፊ ማን ነው?»

«እኔ።»

«አባትሽ የት ነው ያለው?»

ይህን ጥያቄ ለዓመት ያህል ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ የጠየቀኝም እንዲህ ነው። ጓድ ታደለ በአዳራሹ ሰው ሁሉ ፊት አሻጥር እንደሆነ፣ በአብዮት በዓል ዋዜማ የተፈጸመ የፀረ አብዮት ሥራ እንደሆነ ተናገረና ወደ ስልኩ ሄደ። አብዮት ጥበቃ ሊጠራ ነው። እኔ የማየው መስቀያው ላይ የሰቀልኩትን ባዶ ዘንቢል ነው። እሑድ ማን ይወስደዋል? አባቴ በር በሩን እያየ ይውላል። ፈራሁ።

ፍርሃት አንዳንዴ እጅን ያሠራል። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ገንዳው ውስጥ ከተትኩና ከድንጋዩ ጀርባ አሸዋውን ዳበስኩ። መጀመሪያ የወጣው እንደ ስፖንጅ ያበጠ ድፎ ዳቦ ነው። ቀጥሎ የእንቁላል አስኳል። ቀጥሎ ቂጣ፣ ቀጥሎ ቆሎ። መጨረሻ ላይ ስቡ የነጣ የጥሬ ሥጋ ቁራጭ። ሁሉንም ጋዜጣ ላይ ደረደርኩት። ሙሉ የበዓል ማዕድ ነው፤ የጎደለው ጠላ ብቻ ነበር።

«ጓድ፣ ማንም አሞኒያ አላስገባም» አልኩ። «ምግብ ነው የበሰበሰው።»

ጓድ ታደለ የስልኩን እጀታ እንደያዘ ዞረ። «ማን ነው ያበላቸው? ግለ ሂስ ይቅረብ። የሚናገር ከሌለ ምሕረት ናት ተጠያቂዋ።»

መንገድ ላይ ሕፃናት አበባዬሆሽ ሲሉ ይሰማል። እኔ አንድ ስም ብጠራ ከጉዱ እወጣ ነበር፤ በሩ ላይ የሚውለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ግን ሽማግሌ ሰውዬ ነው። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። «ዳቦው የእኔ ነው።»

«ለምን?»

«ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው፣ ጓድ። በዐውደ ዓመት ባዶ አፉን ይዋል?»

«ስንቴ ሰጠህ?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ ጋሽ ወርቁ። «ደግሜያለሁ።»

እትዬ አስካለ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንቁላሉ የእኔ ነው። ከዶሮ ወጡ አውጥቼ በርበሬውን አጥቤዋለሁ።» ሒሳብ ሹሙ ቂጣውን አመነ። ተላላኪዋ ቆሎውን አመነች፤ ልጣጩን አንስቼ ነው አለች። ሁሉም አንድ ጉርሻ ብቻ የሰጠ፣ እሱም ብቻውን የሰጠ መስሎት ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለእነዚያ ዓሦች ያልራራ ሰው አልነበረም።

«እና ሥጋው የማን ነው?» አለች እትዬ አስካለ።

ጋዜጣው ላይ ያለው ሥጋ ሻኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በጎረቤቶቹ ቅርጫ ሻኛው ለእሱ እንደደረሰ ለሰው ሁሉ ሲያወራ የነበረው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ዓይን ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ።

«ጋሽ ወርቁ፣ አንተ በሩ ላይ አልነበርክም?» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«ነበርኩ» አለ ጋሽ ወርቁ ጣራውን እያየ። «ግን ዓይኔ ደክሟል።»

ጓድ ታደለ እጀታውን ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰው። «የሥጋው ጉዳይ» አለ፣ «በጥናት ላይ ይቆይ። ስብሰባው ተጠናቋል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስብሰባ እንዲህ ሲያልቅ ሰው ይስቅ ነበር። እኛ ግን በርሜሉን ልናመጣ ሮጥን። ግማሹን ውሃ ቀድተን ደፋን፣ የክፉ ቀኑን በርሜል እያዘገምን ጨመርን። ከዚያ አየር እንዲገባው ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከላይ መልሶ ማፍሰስ ነበር። ሁሉም ተራ ያዘ፤ ጓድ ታደለም ኮቱን አውልቆ ያፈስ ነበር፣ ከማናችንም ጋር ግን ዓይን ለዓይን አልተያየም።

እኔ ደግሞ አሁን ተናደድኩ። ፍርሃቱ ሲለቀኝ በቦታው ንዴት መጣ። ጋሽ ወርቁና እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው ሲያፈሱ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ዓመት ሙሉ ዘንቢል ይዤ በፊታችሁ ስመላለስ አንድ ቁራሽ ዳቦ ያልሰጣችሁኝ ሰዎች» አልኩ፣ «ለዓሣ እንቁላል ታጥባላችሁ?»

የእትዬ አስካለ እጅ ቆመ። ዕንባዋ ወረደ፣ አላበሰችውም። ጋሽ ወርቁ የያዘውን ጣሳ አፈሰሰ።

«ልጄ፣ ዓሣ ማጉረስ አያሳስርም ብለን ነው» አለኝ።

ጣሳዬን መልሼ ሞላሁ።

«ይኸው እሱም ሊያሳስር ነበር» አለ ጋሽ ወርቁ። «ሁለቱም የሚያሳስር ከሆነማ ለሰው ማድረጉ ይሻላል።»

አመሻሽ ላይ አደይ ቀና ብላ ወደ ታች ወረደች። ሁለት ሞቱ፤ አንዱ ያ ስም ያልወጣለት ትልቁ ነው። በማግስቱ ሁላችንም በመስኮቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈን፣ ጓድ ታደለ ክራባቱን አስሮ፣ የቀይ ባሕርን ሀብት ይዘን ቆምን። የባለሥልጣኑ መኪና መጣ፣ ከፊታችን አለፈ፣ ሄደ። የኋላው መጋረጃ እንኳ አልተነቃነቀም። ማን ያውቃል፣ ተኝተው ይሆናል።

ዘንቢሌን ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ጥዬው ስለነበር፣ እሑድ ጠዋት ስንቅ ከማድረሴ በፊት ልወስደው ብቅ አልኩ። ከመስቀያው ሳወርደው ከበደኝ። ድፎ ዳቦ አለ። ቂጣ አለ። በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ እንቁላል አለ፣ ነጭ፣ ቀይ የሚባል ነገር የማይታይበት። ሰኞ ለእትዬ አስካለ ላመሰግናት ስሞክር አላስጨረሰችኝም።

«በርበሬውን አጥቤዋለሁ» አለችኝ። «ጨጓራ አለባቸው አይደል?»

ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ታውቅ ኖሯል፤ ዓመቱን ሙሉ ታውቅ ነበር። እኔ ሰው የጨከነብኝ መስሎኝ ስማረር እነሱ የአባቴን ጨጓራ እንኳ በሹክሹክታ ተረድተውታል። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል፤ ደግሞም ያናድደኛል። አውቀው ዝም ማለታቸውን ይቅር ያልኩበት ቀን አለ፣ ይቅር ያላልኩበትም ቀን አለ።

ከዚያ በኋላ ያ ዘንቢል ባዶ ሆኖ ከመስቀያው ወርዶ አያውቅም። ማን ምን እንዳስቀመጠ አይነገርም፣ አይጠየቅም። እናንተ በዚያ ዘመን ያልነበራችሁ ልጆች «ለምን ዝም አላችሁ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ፣ ትክክል ናችሁ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ፍርሃት የሰውን ርኅራኄ አያጠፋውም፤ የማይገባው ቦታ ይደፋዋል። ዓሣ ካላችሁ፣ በተለይ ውሃው አዲስ ከሆነ፣ እባካችሁ አታጉርሱት። የጎረቤታችሁን ዘንቢል ግን ከፍታችሁ እዩት።

አባቴ ከዓመታት በኋላ ተፈታ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ያን የመጀመሪያውን እሑድ አነሳልኝ። እንቁላሉን ከክፍሉ ሰዎች ጋር በክር ቆርጠው እንደተካፈሉት ነገረኝ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥብስም ነበረው» አለ። «ሻኛ ነው፣ በደንብ የበሰለ። እሱን የላከው ማን ነበር?»

ያን ጥቅል እኔም አይቼዋለሁ። ያኔ ጋሽ ወርቁን ጠይቄው ነበር፤ ጣራውን አየና ዓይኔ ደክሟል አለኝ።

«የሥጋው ጉዳይ፣ አባዬ» አልኩት፣ «አሁንም በጥናት ላይ ነው።»